ለመውጫ ፈተና ስናጠና ምን እያጠናን ነው?

እንደሚታወቀው የሕግ ተማሪ አምስት ዓመት ተምሮ ሲጨርስ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሌሎች የትምህርት ክፍሎች ፈተናውን ያወቁት በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ሲሆን የሕግ ተማሪዎች ግን ከዚያ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ሲፈተኑ ኖረዋል። ያኔ የሌላው ክፍል ተማሪ ተደናግጦ ሲራወጥ ያዩ ሲኒየሮቻችን «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያሉ ይቀልዱ እንደነበር ሰምቻለሁ። ቀልዱ ግን ብዙ አልቆየም፤ በዚያ የመጀመሪያ ዙር በአገር አቀፍ ደረጃ ካለፉት ይልቅ ያላለፉት በዙ።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ፈተናው ይኑር አይኑር ለማለት አይደለም። ፈተናው አለ፤ ማለፍም ግዴታ ነው። የእኔ ጥያቄ አጠናናችን ላይ ነው። እንደ እኔ እምነት አብዛኞቻችን የምናጠናው ሕጉን ሳይሆን የሕጉን ቁጥር ነው። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፣ ራሴ ስላፈርኩበት ነው። እንዴት እንዳፈርኩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ፋርጣ ገጠር ወላጆቼ ዘንድ ገባሁ። በበዓሉ ማግስት አክስቴ ቡና ጠራችን። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተ ልጅ፣ ሕጉን ጨረስኸው አይደል?» አለችኝ።

«አንድ ፈተና ቀረኝ እንጂ ጨርሻለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ» ብላ ከሳጥን ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ በሞተ በዓመቱ ችግር ገፍቷት ሁለት ጥማድ መሬቷን ለጎረቤቷ በስልሳ ሺህ ብር ሰጥታለች። ወረቀቱን የጻፈላቸው ራፖር ጻፊ ነው። «መሬቴን ለዘለቄታው ሰጥቻለሁ፤ ብሩንም ተቀብያለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ምስክር ፈርሞበታል። ጎረቤቷ መሬቱ ላይ እርከን ሠርቷል፣ በጠርዙም ባሕር ዛፍ ተክሏል። አሁን ደግሞ ልጇ መተማ የሰሊጥ ሥራ ሰንብቶ ተመለሰና የሚያርሰው መሬት የለውም። «መሬቱ ይመለስልኛል ወይ? ቢመለስስ ብሩን ልክፈል ወይ? ያ ሰው የለፋበት እርከን፣ ያጸደቀው ዛፍስ ምን ይሁን?»

እኔ ደስ አለኝ። የማውቀው ነገር ነዋ! «የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1716 ደግሞ ሕገ ወጥ የሆነ ውል ውጤት የለውም ይላል» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አባቴ ኮራ ብሎ ዙሪያውን ሲመለከት አየሁት።

አክስቴ ግን ሳቀች። «እሱንማ ያ ሰውም ያውቀዋል። ስለዚህ አይደል 'ሸጥኩ' ሳይባል 'ሰጠሁ' ተብሎ የተጻፈው! እኔ የጠየቅሁህ ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም ነበር። ነገሩን ስሸሽገው እንዳልዋሽ እንጂ፣ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። «1815» ተብሎ በደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ከጎኑም በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ብቻ አለች። ለልምምድ በተሰጠን ጥያቄ ላይም በትክክል አክብቤዋለሁ። ነገር ግን ያች ቃል በአክስቴ እርከንና ባሕር ዛፍ ላይ ምን እንደምትሠራ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

ከተመለስኩ በኋላ ላይብረሪ ገብቼ አነበብኩት። ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ውል ሲፈርስ ሕጉ በተቻለ መጠን ተዋዋዮቹን ውሉ ሳይኖር ወደነበሩበት ቦታ ሊመልሳቸው ይሞክራል። ቁጥር 1815 የሚለው ይህንን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መሬቱንም ብሩንም ይዞ አይቀርም። አክስቴ መሬቷን ካስመለሰች ብሩ ይመለሳል ማለት ነው። ጎረቤቷም በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ያፈሰሰው ጉልበትና ገንዘብ ለአክስቴ ጥቅም ሆኖ ከቀረ፣ በሌላው ሀብት ወይም ድካም አላግባብ የበለጸገ ሰው መካስ አለበት የሚለው ቁጥር 2162 ይመጣል። ወረቀቱ ላይ «ሰጠሁ» መባሉ ደግሞ ብዙ አያድንም፤ ዳኛ የሚያየው የወረቀቱን ስም ብቻ ሳይሆን ሰዎቹ በእርግጥ ያደረጉትን ነገር ነው፤ ስልሳ ሺህ ብር የተከፈለበት ነገር ደግሞ ስጦታ ሊባል አይችልም። የክልላችንን የገጠር መሬት ሕግም ከዚህ ጋር ማየት ያስፈልጋል፤ በአዋጅ ቁጥር 133/1998 የነበረው በ252/2009 ተተክቷልና አክስቴ ወረቀቱን የፈረመችበትን ዘመን መጠየቅ ነበረብኝ። እሱንም አልጠየቅኋትም።

ቁጥሮቹ የተያያዙት በመርሕ ነው፤ እርሱም ማንም ሰው ከፈረሰ ውል አትርፎ አይወጣም የሚለው ነው። ይህን የያዘ ሰው 1815ን ቢረሳ እንኳ መጽሐፉን ገልጦ ያገኘዋል። 1815ን ብቻ የያዘ ሰው ግን እንደ እኔ ቡናው ላይ ዝም ይላል።

ለምን እንዲህ ሆንን? የአጠናናችን ነገር ነው። መጋቢት ሲገባ ኮፒ ቤት ሄደን የድሮ ጥያቄ እንሰበስባለን። በዶርማችን ግድግዳ ላይ ቁጥርና አንዳንድ ቃል የተጻፈበት ወረቀት እንለጥፋለን። ስለ ይርጋ ዘመን ዜማ ያወጡ ልጆችም አሉ፤ ሁለት ዓመት ለዚህ፣ አሥር ዓመት ለዚያ እያሉ ሲያዜሙ ደስ ይላል፣ እኔም አዚሜያለሁ። ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ ጭራሽ በፍላሽ የሚዞር አንድ የጥያቄ ፋይል የሁላችንም መምህር ሆነ። መልሱ ላይ ስህተት ቢኖር ስህተቱን አብረን ነው የያዝነው። አንዱን ጥያቄ ሦስት ዶርም በአንድ ዓይነት ስህተት ሲመልሰው አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከአገራችን ወጣ ብለን የእንግሊዞቹን ነገር እንይ። «የእንግሊዝ ሕግ ደብረ ታቦር ላይ ምን ያደርግልናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ግን ሳናውቀው በየቀኑ የምንማረው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ደግሞ ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ናቸው፤ ስለዚህ ሕጋችን የአውሮፓ አህጉር ሥርዓት ነው እየተባልን እንማራለን። ሥነ ሥርዓቱ ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ ይቀየራል። በ1954 የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ያረቀቁት እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ናቸው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደግሞ እንግሊዞች ለሕንድ ካወጡት ሕግ ብዙ ወስዷል። በአንድ ላይ የተሰበሰበ የማስረጃ ሕግ አገራችን ለረጅም ዘመን ሳይኖራት ስለቆየ የማስረጃ መምህራን የሚያስተምሩን በአብዛኛው የእንግሊዝንና የአሜሪካን መርሖች ይዘው ነው። የስሚ ስሚ ምስክርነት፣ የማስረዳት ሸክም፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ሁሉም ከዚያ የመጣ ነው። የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ዲኑ አሜሪካዊው ጀምስ ፖል ነበሩ። የምንፈተነው በእንግሊዝኛ መሆኑም የዚያው ውርስ ነው።

እንግሊዞቹ ታዲያ የሕግ ባለሙያቸውን እንዴት ይፈትናሉ? በእንግሊዝና በዌልስ ጠበቃ ሁለት ዓይነት ነው። በከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ቆሞ የሚከራከረው በአብዛኛው ባሪስተር ሲሆን፣ ደንበኛ ተቀብሎ የሚያማክረው፣ ውል የሚያዘጋጀው፣ ጉዳዩን ከሥሩ የሚይዘው ሶሊሲተር ይባላል። ሶሊሲተር ለመሆን እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ አገር አቀፍ ፈተና አለ። የመጀመሪያው ክፍል እንደ እኛው ምርጫ ነው፤ 360 ጥያቄ በሁለት ቀን፣ በቀን 180። መጽሐፍ ይዞ መግባት የለም። ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ ወንጀል፣ መሬት፣ ኑዛዜ፣ አደራ፣ ሕገ መንግሥት፣ ምን የቀረ አለ? ብዛቱን ሳይ የእኛን ፈተና ወደድኩት ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ያስገረመኝ ብዛቱ አይደለም። በዚህ የመጀመሪያ ክፍል፣ በፈተናው መመሪያ ላይ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በስተቀር ተፈታኙ የፍርድ መዝገብ ስምና የሕግ ቁጥር በቃሉ እንዲይዝ አይጠበቅበትም። ጥያቄው የሚመጣው በታሪክ ነው፤ አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ወረቀት ፈርማ እንዲህ ያለ ነገር ደረሰባት፣ ከአምስቱ ምርጫ የተሻለው ምክር የትኛው ነው? የአክስቴ ጥያቄ ማለት ነው። ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ምርጫ የለውም። 16 ሥራ ይሰጣል፤ አራቱ በቃል ናቸው። ደንበኛ ሆኖ የሚተውን ሰው ፊታቸው ተቀምጦ ያነጋግሩታል፣ ዳኛ ፊት ቆመውም ይከራከራሉ። አሥራ ሁለቱ በጽሑፍ ነው፤ ደብዳቤ፣ ሰነድ፣ የጉዳይ ትንተና።

እንግሊዝ አገር ሁሉ ነገር ያማረ ነው ለማለት አይደለም። ፈተናው ከብዙ ሺህ ፓውንድ በላይ ያስከፍላል፤ ለዚያም የሚያማርሩ ሞልተዋል። ከእነሱ ልንወስደው የሚገባው ግን አንድ ነገር አለ። የእንግሊዝ የውል ሕግና የከውል ውጭ ኃላፊነት ሕግ በአብዛኛው የተሠራው በፍርድ ነው፤ ቁጥር ተሰጥቶት በአንድ መጽሐፍ አልታሰረም። ስለዚህ የእነሱ ተማሪ ቢፈልግም ቁጥር የሚሸመድድበት ኮድ የለውም። መርሑን የሚያገኘው ሰው ላይ ከደረሰ ነገር ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ስለተሰጠን ሰውየውን ረሳነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ስወደው ስለምኖር ትንሽ ረዘም ቢል ይቅር በሉኝ። የ21 ዓመት የእርሻ ሠራተኛ ነው፣ ስሙ ሬጂናልድ ዉልሚንግተን። ሚስቱ የ17 ዓመት ልጅ ናት። ትታው ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እሱ ጠመንጃ ይዞ ሄደና ተተኮሰባት፤ ሞተች። «ካልተመለስሽ ራሴን እገድላለሁ ብዬ ላስፈራራት ነበር፤ ጠመንጃው ሳላስበው ተተኮሰ» አለ። የመጀመሪያው ችሎት ላይ ዳኝነት የሚሰጡት የሕዝብ ተወካዮች አልተስማሙም። በሁለተኛው ችሎት ዳኛው «መግደሉ ከተረጋገጠ አደጋ መሆኑን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው» ብሎ ነገራቸው። ሞት ተፈረደበት። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1935 ለመጨረሻው ፍርድ ሰሚ ለጌቶች ምክር ቤት ቀረበና ፍርዱ ተሻረ። ምክንያቱ አጭር ነው፤ ጥፋቱን ማስረዳት ያለበት ከሳሹ መንግሥት ነው እንጂ ተከሳሹ ንጽሕናውን ማስረዳት የለበትም። ሰውየው እውነቱን ይናገር ወይም ይዋሽ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። የሕጉ ነጥብም እዚያ ላይ ነው፤ ካላወቅህ ልትሰቅለው አትችልም።

አሁን ወደ እኛ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 141ና 142 እንመለስ። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃውን አሰምቶ ሲጨርስ፣ ያ ማስረጃ ባይስተባበል እንኳ የማያስቀጣ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በነፃ ያሰናብታል፤ የሚያስቀጣ ከሆነ ብቻ ተከላከል ይለዋል። እኔ ይህንን ለሦስት ዓመት «141 ነፃ፣ 142 ተከላከል» ብዬ ነው የያዝኩት። የዉልሚንግተንን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን ለምን ቅደም ተከተሉ እንዲህ እንደሆነ ገባኝ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የሚለውም ይህንኑ ነው፤ አንቀጽ 19 የመናገር ግዴታ የለብህም የሚለውም ከዚያው ነው። አራት ቁጥር ሳይሆን አንድ ነገር ነው። ሰፈር ውስጥ «ተከላከል ተባለ» ሲባል ሰው ሁሉ «አለቀለት» ይላል። ያ ተከሳሽ እኮ ገና ምንም አልተፈረደበትም። ይህንን ለጎረቤቱ ማስረዳት ያልቻለ የሕግ ምሩቅ ቁጥሩን ማወቁ ምን ይጠቅማል?

ይህ ነገር የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ የለ! በቅሎ የሚያክል ንብረት ተከራክሮ ያጣ ሰው ይቀበለዋል፤ አንዲት ጭብጦ ሳይከራከር የተነጠቀ ግን አያርፍም። የሥነ ሥርዓት ሕግ መምህር አንድ ሴሚስተር የሚፈጅበትን ነገር ይህች ተረት በአንድ ትንፋሽ ትለዋለች። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ዱላ አንሥቶ የነበረ ሰው ባለበት ይቆም የነበረውም ሕግ ቁጥር ስለነበረው አይደለም።

ሌላ ምሳሌ፣ በአጭሩ። የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448ን የማያውቅ የሕግ ተማሪ የለም። የቤት ሽያጭ ውል በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት ካልተደረገ አይጸናም ብሎ ቁጥር 1723ን የተረጎመው ውሳኔ ነው። ብዙ ክርክር ያስነሣ ነበር። ቁጥሩን አውቀነው ስናበቃ፣ ሕጉ ለምን ይህን ፎርም እንደሚፈልግ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1677 አንድ ሕግ አውጥተው የመሬት ውል ያለ ጽሑፍ አይከራከሩበትም አሉ። የሕጉ ዓላማ ማታለልንና የሐሰት ምስክርን መከላከል ነበር። ሦስት ምስክር በመቶ ብር የሚገዛበት ገበያ ለንደንም ነበረ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ተማሪ፣ ሻጩ ራሱ «አዎ ሸጫለሁ፣ ብሩንም ተቀብያለሁ» ብሎ ሲያምን የፎርሙ ጉድለት ምን ያህል ሊያስጨንቅ ይገባል ብሎ መጠየቅ ይችላል። ውሳኔውን መደገፍም መቃወምም የሚቻለው ያን ጊዜ ነው። ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው ግን ምን ብሎ ይከራከራል?

የሰበር ውሳኔ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ እንዲያስገድድ ከተደረገ ወዲህ እኛም እንደ እንግሊዞቹ ፍርድ ማንበብ ግዴታችን ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1234 ሲተካውም ይኸው አሠራር ቀጥሏል። ማንበብ ስል ግን የመጨረሻውን ገጽ «ተሽሯል» ወይም «ጸንቷል» የሚለውን አይደለም። ፍሬ ነገሩ ምን ነበር? ጭብጡ ምን ተብሎ ተያዘ? ዳኞቹ ምን ምክንያት ሰጡ? ያ ምክንያት በአክስቴ ጉዳይ ላይ ይሠራል ወይስ ፍሬ ነገሩ ይለያል? ይህንን አራት ጥያቄ ለአንድ ቅጽ ሰበር ውሳኔ የጠየቀ ሰው አምስት ቅጽ ከሸመደደው ይበልጣል ባይ ነኝ።

አሁን የቋንቋውን ነገር ላንሣ። እኛ የምናጠናው በእንግሊዝኛ፣ የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ነው። የፋርጣ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የላይ ጋይንት ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚሠሩት ግን በአማርኛ ነው። አክስቴም የጠየቀችኝ በአማርኛ ነው። ቡናው ላይ ዝም ያልኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛ ያወቅሁት ነገር ወደ አማርኛ ሳዞረው ከእጄ ወጣ። እውነት ነው የማውቀው ቢሆን ኖሮ በየትኛውም ቋንቋ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ለእኔ የመርሕ መለኪያው ይህ ነው፤ ለእናትህ በአማርኛ ማስረዳት ካልቻልክ ገና አልገባህም።

በዚህ ረገድ አካባቢያችን የሚያስቀና ልምድ አለው። የአብነት ተማሪ ድጓ ተምሮ ሲጨርስ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ወደ ዙር አምባ። ማስመስከር ማለት እንግዲህ የእነሱ የመውጫ ፈተና ነው። መምህሩ ፊት ቆሞ በቃሉ ያዜማል፣ ይጠየቃል፣ ይታረማል። የሚያከብበው ነገር የለም፣ ጎረቤቱም አያስኮርጀው። የቅኔው ቤት ደግሞ ይብሳል፤ ትናንት የተቆጠረን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ይዞ የሚመጣ ተማሪ መሳቂያ ነው። በየቀኑ አዲስ መቁጠር አለበት። አዲስ ለመቁጠር ደግሞ አገባቡን፣ ማለትም የቋንቋውን መርሕ ማወቅ ግድ ነው። እኛ ከዚሁ ሰፈር ተቀምጠን የድሮ ጥያቄ በፎቶ ኮፒ እናባዛለን። የእነሱ ትምህርትም ቢሆን በቃል መያዝ ይበዛዋል የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ይበዛዋል። እነሱ ግን በቃል ከያዙት ላይ ተነሥተው ትርጓሜና ቅኔ ይደርሳሉ፤ እኛ የያዝነውን ፈተና ክፍል ጥለነው እንወጣለን።

ጓደኛዬ ይህንን ረቂቅ አንብቦ ተቆጣኝ። «አንተ ቅንጦት ነው የምታወራው» አለኝ። «ቤተሰቤ በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ። ሃምሳ ካላመጣሁ ዲግሪዬ የለም። መጀመሪያ ልለፍ፣ መርሑን ሥራ ላይ እማረዋለሁ።» ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ መልስ ሳጣለት ቆይቻለሁ። ፈተናው ካለፈ በኋላም ቢሆን የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት ሌላ ፈተና አለ፤ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ ለመሆንም እንዲሁ ውድድር ነው። ልጁ በፈተና ላይ ፈተና ተደርድሮበት ሳለ እኔ ስለ ዉልሚንግተን ስነግረው ቢበሳጭ አይፈረድበትም። የድሮ ጥያቄም ጨርሶ አይጠና አላልኩም፤ የጥያቄውን አቀራረብ ለመልመድ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ይበቃሉ። ነገር ግን ጓደኛዬ አንድ ነገር ዘንግቷል። ፈተናው ራሱ ተለውጧል። ታሪክ ሰጥቶ የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ቁጥሩን ይዞ ታሪኩ ላይ ማሳረፍ ያቃተው ሰው ሁለት ተቀራራቢ ምርጫዎች መሐል ገብቶ ሲዋልል እናውቀዋለን። እኔ ራሴ የልምምድ ፈተና ላይ ብዙ የሳትኩት እዚያ ላይ ነው። ሥራ ላይ እማረዋለሁ የሚለውም ያስፈራኛል። ሥራ ላይ የሚማረው በማን ጉዳይ ነው? በአክስቴ መሬት ነዋ!

ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ከአራት ጓደኞቼ ጋር አንድ ነገር ጀመርን። ስሙን «ተጠየቅ» አልነው፤ የድሮውን የሙግት ሥርዓት ለማስታወስ ነው እንጂ በላ ልበልሃ የምንችል ሆነን አይደለም። ማክሰኞና ዓርብ ከራት በኋላ እንገናኛለን። አንዱ ከአገር ቤት የሰማውን እውነተኛ ጉዳይ ያመጣል፤ ስም አይጠራም፣ ቀበሌ አይጠራም። ሌላው ከሳሽ፣ ሌላው ተከሳሽ፣ አንዱ ዳኛ ይሆናል። ሕጉ ሁለት ነው። ክርክሩ በአማርኛ ይካሄዳል። መርሑ በአፍ ሳይነገር ቁጥር መጥራት ክልክል ነው፤ የጠራ ሰው ሻይ ይከፍላል። የመጀመሪያው ሳምንት ሻይ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ከፍተን ቁጥሩን እንፈልጋለን፣ በመጨረሻም ስለዚያ ርዕስ የመጡ የድሮ ጥያቄዎችን በእንግሊዝኛ እንሠራለን። ታዲያ እነዚያን ጥያቄዎች ስንደርስባቸው ግማሹ ቀድሞ ተመልሶ እናገኘዋለን።

የመጣው ጉዳይ ደግሞ ብዛቱ! ከፎገራ የሩዝ ማሳ ኪራይ፣ ከእስቴ የውርስ፣ ከስማዳ የበሬ ግዥ (በሬው በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ገዢው ብሬን መልስ ይላል)። የበሬው ጉዳይ ሁለት ምሽት ፈጀብን። በመጽሐፍ ስናየው «የተሸጠ ዕቃ ጉድለት» የሚል ደረቅ ርዕስ ነበር። አሁን ግን ከአምስታችን የሚረሳው ያለ አይመስለኝም።

መምህራኖቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለፈተናው በሚሰጠን ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ መምህሩ በፕሮጀክተር ቁጥር እያሳየ ሲያልፍ እኛ ስንጽፍ ሁለት ሰዓት ያልቃል። ከሁለቱ ሰዓት አንዱን ብቻ ለእኛ ይተውልን። ጥያቄ ይስጡን፣ እንነሣና እንመልስ፣ ስንሳሳት ይረሙን። አንዳንድ ልጅ ያፍራል፤ እኔም አፍራለሁ። ግን ክፍል ውስጥ ማፈር ቡና ላይ ከማፈር ይሻላል። በመውጫው ላይ የሚያስመሰክረን መምህር አጥተን እንጂ ማስመስከር እንችላለን።

የአክስቴ ጉዳይ የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ ፍርድ ቤት አልሄደም። ያነበብኩትን በስልክ አስረዳኋት፤ በዚህ ጊዜ አንድም ቁጥር አልጠራሁም። «ይኸማ ሽማግሌም የሚለው ነው» ብላ ሽማግሌ ሰደደች። መሬቱ ሊመለስ፣ ብሩ በሁለት መኸር ሊከፈል፣ ባሕር ዛፉን ደግሞ ሰውየው ሲደርስ ቆርጦ ሊወስድ ተስማሙ። ስለ እርከኑ ግን ገና እየተጨቃጨቁ ነው፤ እርከን ተነቅሎ አይወሰድም። ምን ያህል ይገመታል ብላ ጠይቃኛለች። ለሚቀጥለው ማክሰኞ ይዤው እመጣለሁ፤ ሐሳብ ያላችሁ ኑ።